ቢጫው ዘጠኝ

ውድ እታለም፣

መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ የምትጀምሪ ሰው መሆንሽን አውቃለሁና አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ይኼን ደብዳቤ ከላይ ጀምሪው። መጨረሻው ላይ የሚመጣውን እኔም ገና አላውቀውም። አሁን የተቀመጥኩት መሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ውስጥ፣ አንድ እግሩ አጥሮ በሚወላገድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ፊት ለፊቴ በራሴ ቁልፍ ከፍቼ የምገባበት ክፍል አለ፤ ዛሬ ግን እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ውስጥ ማሽኑ የሰባት ቁጥርን ናሙና እያነበበ ነው። ሰባት ቁጥር አንቺ ነሽ። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ብለውኛል።

አሁን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ውጤቱ ከመጣ በኋላ የምልሽን ሁሉ አታምኚኝም። ጥሩ ከሆነ «ስለተጣራልኝ ነው የመጣችው» ትያለሽ። መጥፎ ከሆነ ደግሞ «አሳዝኛት ነው» ትያለሽ። ስለዚህ የምለውን ሁሉ ሳላውቅ ልበለው። ፊደሌ ቢጣመም ጥፋቱ የወንበሩ ነው።

ትናንት ለአክስታችን ስደውል «ተኝታለች» አለችኝ። ጠዋት ደወልኩ፣ ተኝታለች። ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ ተኝታለች። «አክስቴ፣ ይቺ ልጅ ሕፃናት ስታስተኛ ኖራ አሁን ራሷ ጨቅላ ሆነች እንዴ?» ብላት ሳቋ አመለጣት። ከኋላዋ ደግሞ አንድ ሰው አከታትሎ ሲያስነጥስ ሰማሁ። ማስነጠስሽን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ እታለም። የተኛ ሰው እንደዚያ አያስነጥስም።

የመጨረሻው ቃልሽ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ቀን ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመሽ፣ ቦርሳሽን እንኳ ከትከሻሽ ሳታወርጂ «አውቀሽ ነው» አልሽኝ።

«ምኑን?»

«ስሜን አይተሽ ነው የፈረምሽው። ከሥራ አባረሩኝ እኮ! እጅሽ እንዴት እሺ አለሽ?»

በእውነት ምን እንደምታወሪ አልገባኝም ነበር። እስኪገባኝ ድረስ ደግሞ ደረጃውን ወርደሽ መንገዱን ተሻግረሻል። ተከትዬሽ ልሮጥ ስል በሩን አለመቆለፌ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ቆልፌ ስወጣ አንቺ የለሽም። ይኼ በር አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል እያልሽ ስትስቂብኝ ኖረሻል፤ ይኸው ሠራኝ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከሆስፒታላችሁ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የመጡት ናሙናዎች ስም አልነበራቸውም። የሕፃናቱ በፊደል፣ የሠራተኛው በቁጥር ነበር የመጣው። ሰባት ቁጥር ለእኔ ሰባት ቁጥር ነበረች፤ ከስድስትና ከስምንት መሃል የተቀመጠች አንዲት ብልቃጥ። ጠቅላላ የክፍሉ ሰው አፍንጫው ተጠርጎ እንደተላከ አውቃለሁ። አንቺም እንዳለሽበት አውቃለሁ። ግን ጠርጣራ ነኝ ባይዋ አንድ ጊዜ እንኳ «እህቴ ብትሆንስ?» ብዬ አላሰብኩም። ለሁሉም ነገር የምፈራ ሰው ዋናውን መፍራት ረሳሁ።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አይሆንልኝም። አንቺ ግን በአባባ በኩል ገብቶሽ ነበር። ትዝ ይልሻል አይደል፣ አባባ ስልክ ሲዘጋ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ማለቱ አያልቅም ነበር። ለአለቃው ሲሆን ሁለት ብቻ ናት። ለአክስታችን ሲሆን ስድስት ሰባት ይደርሳል። የታመመ ወዳጁን ሲያጽናና ደግሞ ትንፋሽ እስኪያጥረው ነው። እኛ ማዶ ክፍል አልጋ ላይ ተጋድመን እሺውን እየቆጠርን «ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» እያልን እንወራረድ ነበር። ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ የምታሸንፊው፤ እንደምታጭበረብሪ እጠረጥር ነበር፣ አሁንም እጠረጥራለሁ።

ባክቴሪያም እንደዚያው ነው ብዬሽ ነበር። ዲኤንኤው ውስጥ አንድ ዓይነት ሐረግ እየተደጋገመ የተጻፈባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ ዝርያ አራት ጊዜ ይደግመዋል፣ ሌላው ስድስት ጊዜ። በተለያዩ ቦታዎች ላይ ያለውን ድግግሞሽ ከቆጠርሽ፣ አባባን በእሺው እንደምናውቀው ባክቴሪያውን ከነዘሩ ታውቂዋለሽ። እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት የሠራሁት የመረጃ ቋት የሚያስቀምጠው ይኼንኑ ነው፦ የትኛው ባክቴሪያ፣ የትኛው ቦታ ላይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደግም። ፕሮግራሙ ደግሞ አዲስ ናሙና ሲመጣ ቆጥሮ ከቋቱ ጋር ያስተያይና «ይኼ ከዚያ ጋር አንድ ነው፣ ከዚህ ግን ይለያል» ይላል። ሌላ ተአምር የለውም።

አንድ ጣጣ ግን አለው። የዘወትሩ ማሽናችን ዲኤንኤውን ቆራርጦ በትንንሽ ነው የሚያነበው። ድግግሞሹ ሲረዝም ቁራጩ ውስጥ አይገባም። ከአባባ ንግግር መሃል «እሺ እሺ እሺ» የምትለዋ ብቻ ተቆርጣ ብትሰጥሽ፣ ከፊቷ ስንት እንደነበረ፣ ከኋላዋ ስንት እንደቀረ በምን ታውቂያለሽ? ፕሮግራሙም እዚያ ሲደርስ «ቢያንስ ዘጠኝ» ይላል እንጂ «ዘጠኝ ነው» አይልም። ዘጠኝ ሊሆን ይችላል፣ ሃያም ሊሆን ይችላል።

ይኼን «ቢያንስ» ሠንጠረዡ ላይ በምን እንደማሳይ ግራ ገብቶኝ የተቀመጥኩበትን ቀን አስታውሺልኝ። አንቺ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን። ከሥራ ገብተሽ እግርሽን ሳፋ ውስጥ ነክረሻል፤ ዳቦ በአንድ እጅሽ፣ ሻይ በሌላው።

«ቢጫ አድርጊው» አልሽኝ።

«ለምን ቢጫ? ቀይ አይሻልም?»

«ቀይ ሰው ያስደነግጣል። እኛ ጋ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ አለቀለት ማለት አይደለም፤ ደህና ነው ማለትም አይደለም። ቢጫ ማለት ድገሚና እዪ ማለት ነው።»

አልሽና ዳቦሽን ጎረስሽ። እኔም እዚያው ጠረጴዛሽ ላይ ሳጥኑን ቢጫ ቀባሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኔ ቋት ውስጥ የጥርጣሬ ቀለሙ ቢጫ ነው። ለምን ቢጫ እንደሆነ የሥራ ባልደረቦቼ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ቢጠይቁኝ ነርሷ እህቴ እግሯን ነክራ ወሰነችው እላቸው ነበር።

ሕፃናቱ መታመም ሲጀምሩ የደወልሽልኝን ስልክ አልረሳውም። ገላቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል አልሽኝ። የአንዷ ወደ ደሟ ገባ አልሽኝ። እጇን ጨብጣ አልዘረጋም ስላለች ጡጫ ብለሽ ስም ያወጣሽላት፣ ማሞቂያ ውስጥ ያለችው ትንሿ ልጅ ናት። «ጣቷን ፈልቅቄ ነው መድኃኒቱን የምሰጣት፣ ትታገለኛለች» ብለሽ ሳቅሽ፣ ከዚያ አለቀስሽ። ናሙናዎቹ የመጡ ዕለት እኔ ያሰብኩት ጡጫን ነበር። ቶሎ እንድረስላት አልኩ።

የሕፃናቱና የሰባት ቁጥር መስመር ሲስተያይ በሁሉም ቦታ አንድ ሆነ። የመጨረሻው ሳጥን ግን በሁለቱም በኩል ቢጫ ዘጠኝ ነበር። ከሥሩ «ቢጫ የሆነ ቁጥር ቢያንስ ማለት ነው፤ በረጅም ንባብ ይረጋገጥ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ ላክሁት። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። ደጃፌ ላይ መጥተሽ «አውቀሽ ነው» እስክትይኝ ድረስ።

ስልኬን አላነሳ ስትዪ ወደ ሆስፒታላችሁ ሄድኩ። ሰበቤ ቁም ሣጥንሽ ውስጥ የቀረው ዕቃሽ ነበር። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«የመጣሽው ለዕቃዋ ነው ለክርክር?»

«ለዕቃዋ» አልኳት። ከዚያ ግን አላስቻለኝም። «እንዴት በቸልተኝነት ብላችሁ ታሰናብቷታላችሁ? ገና ያልተረጋገጠ ነገር እኮ ነው።»

ሜትሮኗ መሳቢያዋን ስባ ወረቀት አወጣች። «እኔ ምን ላርግ የኔ ልጅ? ራስሽ የላክሽው ነው። ከሥሩ ቢጫ ካለ ይረጋገጥ ይላል። እኛም ጉዳዩን ያየነው ኮሚቴ በሙሉ ወረቀቱን አገላበጥን፤ ቢጫ የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ የሚያጠራጥር የለም ብለን አለፍን።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ሁሉም ሳጥን ነጭ ነበር፤ የመጨረሻው ሳጥን ምናልባት ትንሽ ወደ አመድማ ይል ይሆናል፣ እሱም ከነገሩሽ ነው። ዘጠኝ እና ዘጠኝ፣ እንደ ወንድማማች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ይኼ የት ነው የታተመው?»

«ጽሕፈት ቤት ነዋ። ባለ ቀለሙ ማተሚያ ከተበላሸ ቆየ።»

ጥርጣሬውን ማተሚያው በልቶት፣ የጥርጣሬው ማስታወሻ ብቻ ቀርቶ፣ ማስታወሻው ራሱ መሰከረብሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እነሱ ግን ሲሮጡ የታጠቁት አንቺ ላይ ተፈታ። ነጭ ጫማሽን በፌስታል ይዤ ስወጣ ከክፍሉ የሕፃን ልቅሶ ይሰማ ነበር። የጡጫ ይሁን የሌላ አላውቅም። አንቺ ብትሆኚ ታውቂው ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት።

«እህትሽ ናት?» አለችኝ።

«ናት።»

«እና እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«እኔም ያወቅሁት እሷ ስትነግረኝ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከዚህ በኋላ ሰባት ቁጥርን በጣትሽ እንዳትነኪ። ድጋሚ ከተነበበ ጋሽ ዝግታ ያነቡታል፤ አንቺ ክፍሉም አትገቢም። ግን ባለ ቋቷ አንቺ ነሽና ሐሳብሽን እፈልጋለሁ። ባለ ቀለሙን ወረቀት ልላክላቸው፣ ወይስ ናሙናውን በረጅሙ ማሽን እናስነብበው?»

ጋሽ ዝግታን አታውቂያቸውም። ረጅሙን ማሽን፣ ማለት ዲኤንኤውን ሳይቆራርጥ የሚያነበውን፣ የያዙት አዛውንት ባለሙያችን ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ዝግታ ያልናቸው ሻይ ሲያማስሉ ስኳሩ ተስፋ ቆርጦ ስለሚሟሟ ነው። ከአለቃዬ ቢሮ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ሰምተዋል ማለት ነው።

«ልጄ፣ ባለ ቀለሙን ወረቀት ብቻ ይላኩላቸው» አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው። «ውሳኔው በራሱ ጊዜ ይፈርሳል። እህትሽም ትመለሳለች። ጥርጣሬ ለተከሰሰ ሰው ጥላ ነው። ጥላውን ራስሽ ነቅለሽ ፀሐይ ላይ ታወጫታለሽ?»

እታለም፣ እኚህ ሰው በሕይወታቸው ያልተመዘነ ቃል ተናግረው አያውቁም። ያሉትም ትክክል ነበር። ባለ ቀለሙን ወረቀት አለቃዬ በአንድ ፖስታ ብትልከው፣ ዘጠኙ ቢጫ ሆኖ ይኖራል፣ አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ፣ ስልኬንም ታነሺልኛለሽ። ማንም ዋሸች አይለኝም። ቢጫውን ቢጫ ማለት ውሸት አይደለም።

እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሩን ቆለፍኩ፣ ተነሥቼ መቆለፌን አየሁ፣ ተኛሁ፣ ደግሞ ተነሣሁ። ቢጫ ሆኖ ይቆይ ማለት ፈለግሁ፤ በጣም ፈለግሁ። ከዚያ ያቺ የነገርሽኝ እናት ትዝ አለችኝ። ልጇ ቢጫ ሆኖ ሳለ ለምርመራ ደም አትወስዱበትም ብላ እቅፏ ውስጥ የደበቀችው፣ መልሱን ስለፈራች። አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ ምን እንዳልሻት ነግረሽኛል። «ባናየው እኮ ቢጫው አይተወውም» ነበር ያልሻት። እናትየው እያለቀሰች ሰጠችሽ።

ካንቺ የመጣ ካልሆነ፣ ያ ነገር ዛሬም እዚያው ክፍል አለ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ምክንያቱ ተገኘ ብሎ ተዘናግቷል። ካንቺ ከሆነ ደግሞ፣ በጥርጣሬው ተከልለሽ ብትመለሺ ነገ ጡጫ ላይ ጎንበስ ብለሽ ጣቷን ትፈለቅቂያለሽ። በዚያም ዞርኩ በዚህ፣ አንቺ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሕፃናቱስ? እኔ እንኳን ባልጠይቅ አንቺ ትጠይቂኛለሽ። ጠዋት ገብቼ ለአለቃዬ «ይነበብ» አልኳት። ሳላማክርሽ ባንቺ ላይ ወሰንኩ። ስልክ ብታነሺ አማክርሽ ነበር፤ ግን ተኝተሻል።

ይኸው አሁን እየተነበበ ነው። ማሽኑ ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣው ነው። ጋሽ ዝግታ አንዴ ወጥተው እጃቸውን ታጠቡና ሳያዩኝ ተመለሱ። ሳያዩኝ ያለፉት ስላወቁ ነው ወይስ ስላላወቁ? በሩ ሲንቋቋ ብድግ እላለሁ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ነች። እንደገና ይንቋቋል፤ ነፋስ ነው። አባባ እኔን «ይቺ ልጅ ስጋትን ከእናቷ ጡት ነው የጠባችው» ይለኝ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ተመላሽ ብለሽ አወጣሽልኝ። ትምህርት ቤት ስንሄድ በሩን ቆልፌ ጥግ ያለው የመብራት ምሰሶ ጋ ስንደርስ «ቆይ» እልሽና ለማየት እመለሳለሁ። አንቺ ቦርሳሽን ጭንቅላትሽ ላይ አድርገሽ፣ ምሰሶውን ተደግፈሽ «ሂጂ ተመላሽ፣ በሩ ናፍቆሻል» ትያለሽ። ትቀልጂብኛለሽ። ግን አንድም ቀን ጥለሽኝ ሄደሽ አታውቂም። ደወል ተደውሎብሽ እንኳ።

እንግዲህ ሳላውቅ ልበለው። ውጤቱ የተለየ ከሆነ እጮሃለሁ፣ ኮሪደሩን እሮጥበታለሁ፣ ጋሽ ዝግታን እስማቸዋለሁ፤ ይኼን መጻፍ ቀላል ነው። አንድ ከሆነስ? አንድ ከሆነም ያጠፋሽው የለም። ይኼን ባክቴሪያ ብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይኖራል፤ አያመውም፣ አያውቀውም። ቸልተኛ የሚሉሽ እጅሽን አላዩትም። እኔ አይቼዋለሁ። ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ፣ ማታ ቫዝሊን ቀብተሽ ካልሲ አጥልቀሽበት ስትተኚ አይቻለሁ። ከሕፃናቱ ወዳንቺ ይሁን ካንቺ ወደ ሕፃናቱ ማን ያውቃል? የኔ ፕሮግራም «አንድ ነው» ማለት ይችላል፤ «ከማን ወደ ማን» ማለት አይችልም። ይኼን ለኮሚቴው ካስፈለገ በቃሌ እነግራቸዋለሁ፣ እህትሽ ስለሆነች ነው ቢሉኝም።

ሌላም አለ። እወድሻለሁ እታለም። ሲጻፍ ያሳፍራል። እኛ ቤት እንዲህ አይባልም፤ አባባም በእሺው ነበር የሚለው። የፈራሁት ውጤቱን አይመስለኝም። የፈራሁት አንድ ቀን በሩን አይቼ ስመለስ ምሰሶው ጋ ሰው እንዳላጣ ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እህትሽ ነኝ፤ ይኼን የምጽፈው ገና ሳይነገረኝ ነው፣ ቀኑን ብትጠይቂ ጋሽ ዝግታ ይመሰክሩልኛል።

በሩ ተከፈተ። እሳቸው ናቸው።

እታለም፣ ትንሽ አርፌ ነው የቀጠልኩት። ጋሽ ዝግታ ጓንታቸውን አወለቁ፣ አንዱን ጣት ከዚያ ሌላውን ጣት፣ እንደ ልማዳቸው። አጠገቤ ሲቀመጡ ወንበሩ ወደሳቸው ተወላገደ። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ደፉት።

«ታነቢዋለሽ ወይስ ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«አሥራ አራት» አሉኝ።

«የማን?»

«የሁሉም።»

የሕፃናቱም አሥራ አራት። የሰባት ቁጥርም አሥራ አራት። ሁለት ጊዜ አስነብበውታል፤ ሁለተኛውን ያስነበቡት ለኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ጥላውን ነቅዬ ፀሐይ ላይ አወጣሁሽ። አላለቀስኩም፤ እዚያው ተቀመጥኩ። ጋሽ ዝግታም አልተነሡም። በኋላ ሻይ አምጥተው ስኳር ጨመሩልኝና ያማስሉልኝ ጀመር፤ ሲያማስሉ ሻዩ ቀዘቀዘ። ያኔ አለቀስኩ።

ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ልሰርዘው የፈለግሁት ቃል ካለ ፈለግሁ። አንድም አልሰረዝኩም። እንደ ልማድሽ ከዚህ ጀምረሽ ከሆነ የምታነቢው፣ አሁን ወደ ላይ ተመለሺ። እዚያ ያለችው ይኼን የማታውቅ እህትሽ ናት።

የሚሆነውን ልንገርሽ። አለቃዬ ለኮሚቴው በራሷ እጅ ጽፋለች። ባክቴሪያው አንድ እንደሆነ፣ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ግን ማንም ማወቅ እንደማይችል፣ ይዞ መገኘት ደግሞ ቸልተኝነት እንዳልሆነ ጽፋለች። ያቺ ቃል ከፋይልሽ እንድትወጣ ጠይቃለች። ለአፍንጫ የሚቀባ ቅባት ይሰጥሻል፤ ስትጨርሺው እንደገና ትመረመሪያለሽ፤ ከጠራልሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። ደንቡ እንዲህ ነው። ኮሚቴው ይቀበል አይቀበል አላውቅም። እፈራለሁ። አልፈራም ብልሽ አታምኚኝም።

ሜትሮኗ ደወለችልኝ። ስለ ወረቀቱ ምንም አላለችም። «ለእህትሽ ንገሪያት፣ ያቺ ልጅ ወተት ጀምራለች» ብቻ ብላኝ ዘጋችው። ስሟን አልጠራችም፤ ግን ጡጫን ማለቷ ነው። ጣቷን ማን እየፈለቀቀላት እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፣ ቀደመችኝ።

ቢጫውንም ከነገ ጀምሮ ለቀለም ብቻ አልተወውም። ሳጥኑ ውስጥ በፊደል «ቢያንስ» ይጻፍበታል፤ ማተሚያ እንዳይበላው። ቀለሙን ግን አላነሣውም፣ ያንቺ ነው።

ነገ ጠዋት አክስታችን ቤት እመጣለሁ። ነጭ ጫማሽን አጥቤዋለሁ፣ ይዤው ነው የምመጣው። ደብዳቤውን በበሩ ሥር አስገባዋለሁ። ቅባቱን ሳትቀቢ አትጠጊኝ ብትዪኝም ግድ የለም፣ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ስንት ጊዜ ምሰሶውን ተደግፈሽ ጠበቅሽኝ፤ ነገ እኔ እጠብቅሻለሁ። ቤቴን መቆለፌን ለማየት አልመለስም፤ ቢሰርቁኝ ይስረቁኝ።

አንብበሽ ስትጨርሺ በሩን መክፈት ካልፈለግሽ አትክፈቺው። ከውስጥ ሆነሽ እሺ በዪኝ። አንድ ይበቃኛል። ብትደጋግሚውም አልቆጥርም።

ያቺው ተመላሽ